«እንበልና» ያልናቸው ሴት

ስልኬ ሲጠራ አርባ ምንጭ በምሠራበት ፔንሲዮን ጓሮ አንሶላ እያጠብኩ ነበር። ቁጥሩን ስላላወቅኩት ዝም አልኩት። ከማላውቀው ሰው ጋር በስልክ ማውራት ያስጨንቀኛል። ደግሞ ሲጠራ ግን እጄን በሽርጤ ጠርጌ አነሳሁት።

«ማርታ ነሽ? የምዕራብ ዓባያዋ ማርታ?» አለች የሴት ድምፅ።

«ነኝ።»

«የፀዳለ እህት ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው። ስምሽን ስልኳ ላይ አገኘሁት። ሳልነግርሽ ብቀር ትቆጣኛለች ብዬ ነው…»

ከዚያ ወዲያ መናገር አቃታት። እኔም «ምን ሆኑ?» ማለት አቃተኝ። እትዬ ፀዳለ ታመው ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ሞተዋል፤ ከተቀበሩም ሰንብተዋል። ይህን ሁሉ እህታቸው የነገረችኝ በተቆራረጠ ቃል ነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወደ አንሶላው ተመለስኩ። የፔንሲዮኑ ባለቤት መጥታ «አንቺ ልጅ፣ የታጠበውን መልሰሽ የምታጥቢው ሳሙናው የኔ ስለሆነ ነው?» ስትለኝ ነው ምን እያደረግኩ እንደሆነ ያወቅኩት።

«እንግዳችን ሞቱ» አልኳት።

«የትኛው እንግዳ?»

«‹እንበልና›።»

ባለቤቷ ስሙን ስትሰማ የጀመራት ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«እንበልና» ያልናቸው እኛ ነን እንጂ ስማቸው ፀዳለ ነው። ወሬ የሚጀምሩት በዚህ ቃል ነበር። መጀመሪያ ያናገሩኝም በሱ ነው። ቁርስ ሳቀርብ፣ «እንበልና ዛሬ ዳቦ ባይኖር ምን ታመጪልኝ ነበር?» አሉኝ። ዳቦው አነሰ ማለታቸው መስሎኝ ልሮጥ ስል እጄን ያዙኝ። «ዳቦውማ አለ። ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«ኩርኩፋ» አልኳቸው፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። የበቆሎ ዱቄት አድበልብለን ከሀለኮ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የምንቀቅለውን ማለቴ ነው።

«እሱስ ባይኖር?»

«ድንች።»

«ድንችም ባይኖር?»

«እንግዲህ ይጾማሉ» አልኳቸው። እንዲህ ያለ መልስ ከአፌ መውጣቱ እኔኑ አስደነገጠኝ። እሳቸው ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። በማግስቱ ዳቦውን ትተው ኩርኩፋ በዳጣ አዘዙ፤ ዳጣው አፋቸውን ሲያቃጥላቸው እንኳ «ይኼ ባይኖርስ በምን ትበሉታላችሁ?» ይላሉ።

ጠና ያሉ፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ጫማ ነው የሚያደርጉት። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ነጋዴዎች በወጉ መወዳደራቸውን የሚከታተል መሥሪያ ቤት የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበሩ። እኛ አገር ምን እንዳመጣቸው የነገሩኝ ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ ቆመው ነው፤ ልብስ አጣቢ ስለሆንኩ አይገባትም አላሉም።

ከምዕራብ ዓባያ ገበሬ ሙዝ የሚረከቡ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም። የአንዱ መኪኖች ሰማያዊ፣ የሌላው ነጭ ስለሆኑ «ሰማያዊው» እና «ነጩ» ነው የምንላቸው። እነዚህ ሁለቱ «ተዋህደን አንድ እንሁን» ብለው አመልክተዋል።

«እኔ የተላክሁት» አሉኝ፣ «አንድ ቢሆኑ ሙዝ ሻጩ ምን ይሆናል የሚለውን እንዳጠና ነው። አሁን ሙዙን እርስ በርስ የሚሻሙ ከሆነ፣ ሲዋሃዱ ሽሚያው ይቀራል፤ ገበሬው ይጎዳል። ድሮም የማይሻሙ ከሆኑ ግን ቢዋሃዱም የሚጎዳ የለም፤ ይፈቀድላቸዋል።»

ይህ በምን ይታወቃል ልላቸው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሳቸው ግን ጥያቄውን ከፊቴ ላይ አነበቡት። «በመጠየቅ» አሉኝ።

አስተርጓሚያቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ወባ ይዞት ተኛ። የፔንሲዮኑ ባለቤት «ማርታ እኮ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ አባቷም ባለ ሙዝ ናቸው» አለቻቸው። ይህን ስሰማ ከተሰጣው አንሶላ ኋላ ተደበቅኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያኔም ቢሆን ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። እትዬ ፀዳለ አንሶላውን ገልጠው አላዩኝም። ወዲያ ማዶ ቆመው፣ «ሰው ፊት እንድትናገሪ አልፈልግም። አማርኛውን እኔ እናገራለሁ፤ አብዛኛው ሰው ይሰማል። አንቺ በጋሞኛ የሚሉትን በጆሮዬ ብቻ ንገሪኝ» አሉ።

ወዲህ ሆኜ «እሺ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አብረን የዞርነው እንደዚያ ሆነን ነው። ሰው በጋሞኛ ሲናገር ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል ያደርጋሉ፤ እኔ በሹክሹክታ እነግራቸዋለሁ። ዝም ስል እሳቸውም ዝም ይላሉ። ሌላው ሰው ዝም ስል ወይ ትቶኝ ይሄዳል፣ ወይ ቃሉን ራሱ ይጨርስልኛል። እሳቸው ግን ቃሉ እስኪመጣልኝ ይጠብቃሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው የለም።

የመጀመሪያው ቀን የወሰድኳቸው ሙዝ ወደሚመዘንበት ቦታ ነው፤ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር። የሰማያዊው ሚዛን በዚህ በኩል፣ የነጩ በዚያ በኩል ይቀመጣል። የሰማያዊው መዛኝ አቶ ከማል ይባላሉ፤ ከስልጤ መጥተው ከእኛ ጋር ያረጁ ሰው ናቸው። ሰዉ ሲሰበሰብ እሳቸውም ሚዛናቸው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ያዳምጣሉ።

እትዬ ፀዳለ ጀመሩ። «እንበልና ሰማያዊው ዋጋውን ትንሽ ቢቀንስ፣ ሙዛችሁን ለነጩ ትሰጣላችሁ?»

አባቴ ተነሳ። በሰው ፊት ሲናገር ባርኔጣውን ያወልቃል።

«ከማል ቤቴ ገብቶ በልቷል» አለ። «ይቺ ልጅ ሕፃን ሆና ስትታመም ሐኪም ቤት የደረሰችው በሱ መኪና ነው። ለትንሽ ብር ብዬ ከማልን እተዋለሁ? አልተወውም።»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ ሌሎቹ። የነጩ ደንበኞችም ሲጠየቁ ያንኑ መለሱ።

ባሎቴ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ ከእናቴ ጋር ሆና ያሳደገችኝ። አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊታቸው ተገተረች።

«አንተ የመጣኸው እኛን ከደንበኛችን ልታጣላ ነው? ባል አለህ?»

«አለኝ» አሉ እትዬ ፀዳለ።

«እንበልና» አለች ባሎቴ፣ ድምፃቸውን አስመስላ፣ «ባልህ ትንሽ ቢከሳ፣ ሌላ ታገባለህ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የእትዬ ፀዳለም ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ስሙ የወጣላቸው ያን ቀን ነው፤ እኛ አርባ ምንጭ ሳንመለስ ስሙ ቀድሞን ፔንሲዮኑ ገብቶ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ሁሉም ከደንበኛዬ አልወጣም አለ። ይህ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ሁለቱ አይሻሙም ማለት ነው። ይዋሃዱ ማለት ነው» አሉኝ። ከዚያ እስክንደርስ የዓባያን ሐይቅ እያዩ ተጓዙ።

ተስፋ ቆርጠው አልቀሩም። ማመልከቻው ላይ «ገበሬው ካልተስማማው ሙዙን ካምባ ገበያ ወስዶ መሸጥ ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። ካርታ ላይ ካምባ ቅርብ ነው። «እንሂዳ» አሉኝ። ሙዝ ገዝተው በመኪና አናት አስጫኑና ተነሳን። ያን ተራራ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ስንንገጫገጭ ዋልን። ካምባ ስንደርስ፣ ገበያ የተቀመጡ ሴቶች የጠቆረውን ሙዝ ገልበጥ አድርገው አዩና «እናንተ፣ ይኼን ገንፎ ከየት ነው ያመጣችሁት?» አሉን። እትዬ ፀዳለ አቧራ እንደለበሱ ከዚያ ከፈረጠው አንዱን ልጠው በሉ። «እንግዲህ ከካርታው ላይ አንድ ገበያ ሰረዝን» አሉ። ስንመለስ ሆዳቸውን ይዘው መጡ፤ ግን ደስ ብሏቸዋል። ያላዩትን ነገር መጻፍ አይወዱም ነበር።

ከዚያ ሰማያዊው ዋጋ የቀነሰበት ቀን መጣ። ያን ቀን ማንንም አልጠየቁም። ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚመጣ የሚሄደውን ያያሉ። እናቴ አህያ እየነዳች ብቅ አለች።

«ማርታ፣ ያ አህያ የአባትሽ አይደለም?»

«ነው።»

«ወደ ነጩ እኮ ነው የሚሄደው።»

«የምትነዳው እናቴ ናት።»

«የጫነው ሙዝስ የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«የእናትሽ ማሳ የት ነው?»

ዝም አልኩ። ጠበቁኝ።

«አባቴ ማሳ ውስጥ» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ደንበኛን መተው ነውር ነው። ስለዚህ ማንም ደንበኛውን አይተውም። ባል የሰማያዊው ደንበኛ ከሆነ ሚስት የነጩ ትሆናለች፤ ሌላው ቤት ደግሞ በተገላቢጦሽ። ሰማያዊው ሲቀንስ በዚያ ማሳ ያለው ሙዝ በሙሉ የሚስት ይሆናል፤ ነጩ ሲቀንስ ይመለስና የባል ይሆናል። የከዳም የለም፣ የተከዳም የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ነገር ስለሆነ ወሬ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እትዬ ፀዳለ ብድግ ብለው ወደ አቶ ከማል ሄዱ። ሚዛኑ ባዶውን ተቀምጧል።

«ዛሬ ሰው የለም?» አሏቸው።

«ምን ሰው ይኖራል» አሉ አቶ ከማል። «ትንሽ ቀንስ ተባልኩ፤ ቀነስኩ። ይኸው የኔ ደንበኞች ሙዝ ሁሉ አልደረሰም። የሚስቶቻቸው ደርሷል።»

«ያውቃሉ እንዴ?»

«እንዴት አላውቅ፣ እቴ! ከዚህች ልጅ አባት ጋር ማታ ማታ አብረን እንቀመጣለን። ‹ሙዝህ መቼ ይደርሳል?› እለዋለሁ። ‹እንደ አየሩ ነው› ይለኛል። ከዚያ ሁለታችንም ሰማይ ሰማዩን እናያለን።»

እትዬ ፀዳለ እዚያው የወደቀ የሙዝ ቅጠል ላይ ቁጭ አሉ። በድምፅ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይናቸውን እየጠረጉ «ይሻማሉ! በየአልጋው ይሻማሉ!» አሉኝ። አቶ ከማል ወዲያው ፊታቸው ተለወጠና «ይህን ከማል አለ ብለሽ እንዳትጽፊ አደራ፤ ከእንጀራዬ ታፈናቅይኛለሽ» አሏቸው። አልጻፉም። ሊጠቅማቸው ይችል የነበረ ትልቅ ቃል ነበር፤ ግን አልጻፉም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄያቸው ተለወጠ። «ምን ታደርጋላችሁ?» ማለት ተዉ። ሴቶቹን ለብቻ፣ ጓሮ ለጓሮ እየዞሩ «ባለፈው ሰማያዊው ሲቀንስ ሙዙ የማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ሴቶቹ እየሳቁ፣ አንዷ የአንዷን እየጨመረች ይነግሯቸዋል። እኔም ያኔ መንሾካሾክ ትቼ በደንብ በሚሰማ ድምፅ አስተረጉም ነበር፤ ጓሮ ውስጥ ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ነው መሰለኝ።

ሊሄዱ ሲሉ ባሎቴ መንገድ ላይ አስቆመቻቸው። «አሁን ይህ የነገርንህ ነገር ምን ያደርጋል?»

«እጽፈዋለሁ። የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። እኔ ግን አይዋሃዱ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ይሰሙሃል?»

ዝም አሉ። በተራችን ጠበቅናቸው።

«ይሰሙኛል» አሉ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት የፔንሲዮኑን በር ስከፍት ቆመው አገኘኋቸው። ያኔ ይዘውት ይዞሩ የነበረው ወረቀት የለም፤ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዘዋል። መሥሪያ ቤቱ ልኳቸው አልነበረም፤ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ በራሳቸው ትኬት ነው የመጡት። ከስተዋል።

«ተፈቀደላቸው» አሉኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጡኝ።

ወደ ምዕራብ ዓባያ ስንሄድ ነገሩን በዝግታ ነገሩኝ። የድርጅቶቹ ባለሙያዎች ለሁለቱ ድርጅቶች የሚሸጡትን ገበሬዎች ስም አስተያይተው ለወሳኞቹ አቀረቡ። ሰማያዊው ጋ ያለ አንድም ስም ነጩ ጋ የለም። «ደንበኞቻቸው ለየብቻ ናቸው፤ የሚሻሙበት ነገር የለም» አሉ። እትዬ ፀዳለ «ባልና ሚስት ናቸው፤ ማሳው አንድ ነው» ብለው ተከራከሩ፤ ሴቶቹ የነገሯቸውንም አነበቡ። «ይህማ የጓሮ ወሬ ነው» ተባሉ። ከዚያ አንዱ የድርጅቶቹ ባለሙያ የመጀመሪያውን ቀን መልሶች አውጥቶ አነበበ። የአባቴንም አነበበ፤ «ከማልን አልተወውም» ያለውን።

«ያንን ማን ሰጣቸው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ያቀረብኩት። የሰማሁትን በሙሉ ነው የማቀርበው። ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ቀን መልስ ተይው ብሎኝ ነበር። ሰው የነገረኝን ቃል፣ አልተመቸኝም ብዬ እንዴት እጥላለሁ?»

ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው ይገባኛል፤ ያን ወረቀት ቢተዉት ኖሮ ምናልባት ያሸንፉ ነበር። ይህን እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ነው ያቀረቡት። እንዲህ ዓይነት ሰው ስለነበሩ ነው እኔም እዚህ ተቀምጬ የምጽፈው።

በስልክ ንገሪልኝ ቢሉኝ እነግርላቸው ነበር። እሳቸው ግን ማንጎው ሥር ሰዉን ራሳቸው ሰበሰቡ። ያን ቀን «እንበልና» አላሉም።

«ይሰሙኛል ብያችሁ ነበር» አሉ። «አልሰሙኝም። ሁለቱ አንድ ሊሆኑ ነው።»

  አባቴ ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በኔ አፍ ነው የተሸነፍሽው። ልጄ ነግራኛለች።»

«የለም፣ ጋሼ» አሉት። «እርስዎ የበደሉት ነገር የለም። አንድን ሰው በወዳጁ ፊት አቁሜ፣ ወዳጅህን ትከዳዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጨዋ ሰው ሌላ ምን ብሎ ይመልሳል? ጥያቄው ነው የተበላሸው። ጥያቄው ደግሞ የኔ ነው።»

አባቴ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«አንተ» አለች ባሎቴ፣ «ይህን ልትነግረን ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?»

«አዎ።»

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

ባሎቴ ያን ቀን የማሾፍ ነገር አልነበረባትም። ክንዳቸውን ያዘችና «ና፣ ብላ» አለቻቸው። ቤቷ ወስዳ አበላቻቸው። ሲመሽ ሸኘኋቸው፤ ዳግመኛ በዓይኔ አላየኋቸውም።

ይደውሉልኝ ግን ነበር፤ እሑድ እሑድ። እንደ ሌላው ሰው «ለምን ትምህርትሽን አትቀጥዪም?» ብለው አልነዘነዙኝም። ይጠይቁኛል ብቻ። ሰማያዊዎቹ መኪኖች ነጭ ቀለም ተቀቡ አልኳቸው። አቶ ከማል «ለአንድ ሚዛን ሁለት መዛኝ አያስፈልግም» ተብለው ሄዱ፣ አርባ ምንጭ ሱቅ ከፈቱ፣ አባቴ ከተማ ሲመጣ እሳቸው ሱቅ ይቀመጣል፣ ስለ ሙዝ ግን አያነሱም አልኳቸው። ድሮ ዛሬ ሰማያዊው፣ ነገ ነጩ ይመጣ የነበረው ቀርቶ አሁን መኪና የሚመጣው ሐሙስ ብቻ ነው አልኳቸው። «ሐሙስ ብቻ?» አሉ።  ድምፃቸው እየቀጠነ ሄዶ ነበር። «አሞዎታል እንዴ?» ስላቸው «ጉንፋን ነው፤ የአዲስ አበባ ብርድ» አሉኝ። በኋላ እሑድ ሆኖ ስልኩ ዝም ሲል ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል አልኩ።

እህታቸው በደወለች ማግስት፣ ገና ሲነጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ መርዶውን ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ሰዉ ገጀራውን ይዞ ወደ ማሳ ለመውጣት ማንጎው ሥር ይጠራራል። ሐሙስ ነበር።

በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። የሚናገርልኝም ሰው አልነበረም።

«እትዬ ፀዳለ ሞቱ» አልኩ፣ በጋሞኛ፣ ጮክ ብዬ።

ባሎቴ «ማን? የኔ እንበልና?» አለችና ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። አባቴ ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሌሎቹም አስቀመጡ። በእኛ ሠፈር መርዶ የተሰማ ቀን ሙዝ አይቆረጥም። እንደ ዘመድ ሬሳ ሳይኖር ለቅሶ ተቀመጥን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ባሎቴ በጋሞኛ ሙሾ ታወርዳለች፤ አቧራ ለብሰው ከካምባ እንዴት እንደተመለሱ፣ ተሸንፌያለሁ ለማለት ያን ሁሉ መንገድ እንደመጡ፣ የእኛ ምን ዕዳ ነበረባቸው እያለች።

ለቅሶው ሳይጠና መኪናው መጣ።

አባቴ ወደ መዛኙ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አዲሱ መዛኝ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

«የኔ ልጅ» አለው አባቴ፣ «መርዶ ደርሶብናል። ነገ ጠዋት ቆርጠን እናቆይልህ፤ ነገ ጫን።»

«ነገ ሌላ ቦታ ነኝ፣ ጋሼ። ዛሬ ያልጫነ ለሚቀጥለው ሐሙስ ነው።»

«ለሚቀጥለው ሐሙስማ ግንዱ ላይ እንዳለ ይበስላል። የበሰለ ደግሞ አትወስድም።»

«ምን ላድርግ ጋሼ? እኔም ታዝዤ ነው። እግዜር ያጽናችሁ።»

ድሮ ቢሆን አባቴ «እንግዲያው ሂድ» ብሎት ይመለስ ነበር፤ በማግስቱ ሌላኛው ይመጣል፣ ማንም ሳይጎዳ ለቅሶው ይለቀሳል። አባቴ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። ከዚያ ወደ ለቃሾቹ ተመልሶ ልጁ ያለውን ነገራቸው።

ለቅሶ መሀል እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ሰዎች አንዱ የአንዱን ፊት ማየት ፈሩ። መጨረሻ ላይ ባሎቴ ተነሳች። ከተቀመጡት ገጀራዎች አንዱን አንስታ፣ ማንንም ሳታይ ወደ ማሳዋ ሄደች። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተነሱ። እኔም ከእናቴ ጋር ሄድኩ። አባቴ ይቆርጣል፤ እኛ እንሸከማለን። ነጠላችን እንደተዘቀዘቀ ነው የተሰለፍነው። መዛኙ ልጅ አንገቱን ደፍቶ መዘነ፤ ማንም ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

መኪናው በሶዶ መንገድ ሲሄድ ከሰዓት ሆኗል። አንዳንዱ ደክሞት ወደ ቤቱ ገባ። የቀረነው ማንጎው ሥር ተመልሰን ተቀመጥን። ለቅሶውን ከየት እንደምንቀጥለው አናውቅም ነበር። ከዚያ ባሎቴ ዝግ ባለ ድምፅ ጀመረችው፤ እኛም ተከተልናት። የሙዝ ግንድ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ በሳሙናም አይለቅም። የሁላችንም እጅ ጠቁሮ ስለነበር፣ ፊታችንን እንዳናበላሽ እንባችንን የጠረግነው በክንዳችን ነው።